ምዕራፍ አምስት፦ ለአንዱ ስንት?

የጎረቤቴ ልጅ ማክሰኞ ማታ ደብተሯን አቅፋ በሩን ስታንኳኳ፣ ለምን እንደመጣች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ዘጠነኛ ክፍል ናት። የኬሚስትሪ መምህሯ ስለ መለኪያ አሃዶችና ስለ እፍግታ ስድስት ጥያቄ ሰጥተዋቸዋል፤ የሚመለሰው ሐሙስ ነው። "አምስቱን ሠርቼዋለሁ ጋሼ፣ ትክክል መሆኑን ብቻ ይዩልኝ" አለች። "ብቻ" የምትለዋ ቃል ስንት ሰዓት እንደምትፈጅ ልጅ አስጠንቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ሻይ ጥጄ ቁጭ አልን።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የኢታኖል እፍግታ 0.79 ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነ የ60 ግራም ኢታኖል ይዘት ስንት ነው? ይላል። እሷ 60ን በ0.79 አባዝታ 47.4 አግኝታለች። ከሥሩም በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ልጆች አጥብቀው የሚያሰምሩት ብዙውን ጊዜ ልባቸው ያልተቀበለውን መልስ ነው።

"ማባዛት እንዳለብሽ በምን አወቅሽ?" አልኳት።

የደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። ሦስት ማዕዘን ሥላለች፤ ውስጡ ሦስት ፊደላት አሉ፤ ኤም ለመጠነ ቁስ፣ ቪ ለይዘት፣ ዲ ለእፍግታ። የሚፈለገውን በጣት ትሸፍናለህ፤ የቀሩት ጎን ለጎን ከሆኑ ታባዛለህ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ከሆነ ታካፍላለህ። እኔም የተማርኩት በዚሁ ነው። ችግሩ፣ ጫፉ ላይ መቀመጥ ያለበት ኤም ሆኖ ሳለ እሷ ያስቀመጠችው ቪን ነው። ሦስት ማዕዘን ደግሞ ሲሳሳቱበት አይጮህም፤ የተገለበጠውም የተቃናውም ለዓይን ያው ነው።

ቀመሩን አላረምኩላትም። ባርምላት ሐሙስን ታልፋለች፤ ፈተና ላይ ግን ማዕዘኑ ተመልሶ ይገለበጣል። ስልክ አንስቶ ጥያቄውን ፎቶ ማንሳትም ያው ነው፤ መልሱ ይመጣል፣ ልጅቷ ግን የነበረችበት ትቀራለች። እርሳሷን ተቀብዬ አስቀመጥኩና "እስቲ ገበያ እንውጣ" አልኳት። "አንዱ ሎሚ 79 ሳንቲም ነው።"

ሳቀች። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ይሁን። "60 ብር ይዘሻል። ስንት ሎሚ ትገዣለሽ?"

ካልኩሌተሯን ሳትነካ "ከስልሳ በላይ" አለች።

"እንዴት?"

"አንዱ አንድ ብር አይሞላማ!" ከዚያ አካፈለችና "75 ሎሚ፣ 75 ሳንቲም መልስ" ብላ ጨረሰች። አካፍዪ ያላት የለም። ማዕዘንም አልሣለችም።

"አሁን ብሩን ግራም በይው፤ ሎሚውን ደግሞ ሚሊ ሊትር።"

47.4ን አየች፤ እኔን አየችኝ። ኢታኖል ለአንዱ ሚሊ ሊትር 0.79 ግራም ነው "የሚያስከፍለው"፤ በ60 ግራም የሚገኘው ከ60 ሚሊ ሊትር መብለጥ አለበት። ስታካፍለው 76 ገደማ ሆነ። የቀድሞው መልሷ 60 ብር ይዞ ወጥቶ፣ አንድ ብር ከማይሞላ ሎሚ 47 ብቻ ይዞ እንደመመለስ ነው። ለእናት ለማስረዳት ያስቸግራል።

እፍግታ ዋጋ ነው። ይህ ምዕራፍ ከዚህ የራቀ ምስጢር የለውም። ውሃ ለአንዱ ሚሊ ሊትር 1 ግራም ያስከፍላል፤ የምግብ ዘይት 0.92፣ ማር 1.4 ገደማ፣ ሜርኩሪ 13.6፣ ወርቅ 19.3። የአምስት ሊትር ጄሪካን ዘይት አምስት ኪሎ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ዘይቱ ግን 4.6 ኪሎ ብቻ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ማር ሲሞላበት ደግሞ 1.4 ኪሎ ይሆናል። ማርን በሊትር እየሰፈረ በኪሎ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ምንም ሳትናገሩ ግዙ።

ልጆቹ እዚህ ላይ የሚሰናከሉት በስንፍና አይመስለኝም። ከቋንቋችን ጋር የተያያዘ ነገር አለው። "በ" የምትለዋ አንዲት ፊደል ሁለት ተቃራኒ ሥራ ትሠራለች። ቤቱ 4 በ5 ነው ስንል የወለሉን ስፋት የምናገኘው በማባዛት ነው። መኪናው 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል ስንል ግን የምናወራው ስለተካፈለ ነገር ነው። "ግራም በሚሊ ሊትር" የሚለው ሐረግ ጆሮው የገባ ልጅ የሰማው የትኛውን "በ" እንደሆነ በምን ይወቅ? የሒሳብ ክፍለ ጊዜውም "ሲባዛ በ፣ ሲካፈል ለ" እያለ አሳድጎታል፤ "በ" የማባዛት ናት ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። በዚህ ላይ በታችኛው ክፍል በአማርኛ መጠነ ቁስ፣ ይዘት፣ እፍግታ እያለ የተማረው ልጅ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር በአንድ መስከረም ማስ፣ ቮልዩም፣ ዴንሲቲ ይባላል። ነገሩ ያው ሆኖ ሳለ አዲስ ትምህርት የመጣ ይመስለዋል።

ስለዚህ እኔ ቤት "በ" ለጊዜው ከደጅ ትቀራለች። የሚባለው "ለአንዱ ሚሊ ሊትር 0.79 ግራም" ነው። ይረዝማል፤ ግን "ለ" ራሷ የማካፈል ፊደል ናት፤ ቁጥሩ ከምን ተካፍሎ እንደመጣ ስሙ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ገበያተኛም የሚጠይቀው እንዲሁ ነው፦ ለአንዱ ስንት?

ሌላው ነገር አሃዶቹን ከቁጥሮቹ ሳይነጥሉ መጻፍ ነው። ልጆች መጀመሪያ ቁጥሩን ያሰላሉ፣ አሃዱን መጨረሻ ላይ እንደ ማኅተም ይመቱበታል። እኔ የምጠይቃቸው በየመስመሩ እንዲጽፉት ነው። 60 ግራም፣ ለአንዱ ሚሊ ሊትር 0.79 ግራም ለሆነው ሲካፈል፣ ግራም ከግራም ይጣፋና ሚሊ ሊትር ብቻውን ይቀራል። የተፈለገውም ሚሊ ሊትር ነበር። ልጅቷ መጀመሪያ እንዳደረገችው ቢባዛስ? ግራም በግራም ተባዝቶ ለሚሊ ሊትር ይካፈላል። ግራም ሲባዛ በግራም ምን የሚሉት ነገር ነው? የትኛው ሚዛን ይመዝነዋል? ሦስት ማዕዘኑ ዝም ያለበት ቦታ ላይ አሃዱ ይጮኻል።

አያቶቻችን ይህን ዋጋ በወረቀት ሳያሰሉት ኖረውበታል። ቁና የሚለካው ይዘትን ነው እንጂ ክብደትን አይደለም፤ ጣሳም ላዳንም እንደዚያው። በአንዱ ቁና ጤፍና ገብስ ተራ በተራ ቢሰፈር ጤፉ ይከብዳል። ገብሱ ከነገለባው ተቆልሎ አየር አቅፎ ይቀመጣል። ሻጯ ቀስ ብላ የምታፈሰው፣ ገዢዋም ቁናውን ቸብ ቸብ እያደረገች የምትነቀንቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም እፍግታ የሚለውን ቃል ባይሰሙትም የሚከራከሩት በእሱ ነው። ፈረሱላ ግን ክብደት ነው፤ በቡና ንግድ 17 ኪሎ። ቁናን ወደ ፈረሱላ የሚለውጥ ሰው ታዲያ አስቀድሞ "የምን እህል?" ማለት አለበት። ቀጥሎም "የየት አገር ቁና?" ማለት ይኖርበታል፤ ቁና እንደየአገሩ ይለያይ ነበርና። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" የሚለው ተረት የሚሠራው ቁናው አንድ ሲሆን ነው።

ቁናው ሁለት ሲሆን የሚመጣውን ነገር ለማየት ካናዳ መሄድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ተነስቶ በኦታዋ በኩል ወደ ኤድመንተን ሊበር ተሰናዳ። የነዳጁን መጠን ለአብራሪዎቹ የሚያሳየው መሣሪያ ተበላሽቶ ስለነበር ሠራተኞቹ ታንኩን በመለኪያ ዘንግ ለኩት። 7,682 ሊትር ተገኘ። ለጉዞው የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ግራም ነው። አውሮፕላን ነዳጁን የሚያስበው በክብደት ነው፤ ቦቴው የሚቀዳው ግን በሊትር። ስለዚህ ሠራተኞቹ ፊት የተቀመጠው ጥያቄ ከጎረቤቴ ልጅ ደብተር የተቀዳ ይመስላል፦ 7,682 ሊትር ስንት ኪሎ ነው? ለጎደለውስ ስንት ሊትር ይጨመር?

የዚያን ቀን ነዳጅ ዋጋው ለአንዱ ሊትር 0.803 ኪሎ ግራም ነበር። ሠራተኞቹ የተጠቀሙበት ቁጥር ግን 1.77 ነው። ቁጥሩ የፈጠራ አይደለም፤ ለአንዱ ሊትር 1.77 ፓውንድ ማለት ነው። የኩባንያው የቀድሞ አውሮፕላኖች የሚሠሩት በፓውንድ ነበርና ሁሉም የለመደው እሱን ነው፤ 767 ግን በኪሎ የሚሠራ አዲስ መጤ ነበር። 7,682 በ1.77 ሲባዛ 13,597 ሆነ። ፓውንድ ነበር፤ ኪሎ ተባለ። ከ22,300 ላይ ሲቀነስ 8,703 ቀረ። ይህም ለ1.77 ሲካፈል 4,917 ሊትር መጣ፤ እሱኑ ቀዱ። ወረቀቱን ይዛችሁ መስመር በመስመር ብታርሙት አንድም የማባዛት ወይም የማካፈል ስህተት አታገኙበትም። መጨመር የነበረበት ግን 20,088 ሊትር ነው፤ ከተቀዳው አራት እጥፍ በላይ።

ኦታዋ ላይ ነዳጁ እንደገና ተለካ። እንደገናም በ1.77 ተባዛ፤ ይበቃል ተባለ። አንድን ስህተት በራሱ መለኪያ ደግሞ መለካት ማረጋገጥ አይባልም፤ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ያየውን ያምናል።

አውሮፕላኑ 12,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሳለ ነዳጁ ማለቅ ጀመረ፤ ሁለቱም ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። ውስጡ 69 ሰዎች ነበሩ። ደግነቱ ካፒቴን ሮበርት ፒርሰን ሞተር የሌለው ግላይደር ማብረር የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ረዳቱ ሞሪስ ኩዊንታል ደግሞ ማኒቶባ ውስጥ ጊምሊ የሚባለውን የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ ያውቀዋል፤ አገልግሎበታል። እዚያ ለማረፍ ወሰኑ። ኩዊንታል ያላወቀው ነገር ቢኖር ማኮብኮቢያው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ መሆኑንና በዚያን ቀን ሰው ተሰብስቦበት እንደነበር ነው። አውሮፕላኑ ድምፅ ሳያሰማ መጣ፤ የፊት እግሩ ታጥፎ በአፍንጫው አስፋልቱን እየፋቀ ቆመ። ሲወርዱ ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው ጥቂቶች ናቸው እንጂ የሞተ የለም። አውሮፕላኑም ተጠግኖ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ሲበር ኖረ።

ሠራተኞቹን ሰነፎች ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልልም። በቀደሙት አውሮፕላኖች ይህን ሒሳብ የሚሠራው ሦስተኛው ሰው፣ የበረራ መሐንዲሱ ነበር። 767 ሁለት አብራሪ ብቻ ይዞ ሲመጣ ሒሳቡ የማን ሥራ እንደሆነ ጥርት ብሎ አልተነገረም፤ ለአዲሱ አሃድም በቂ ሥልጠና አልተሰጠም። ቢሆንም አንድ ነገር ይቆጨኛል። የጄት ነዳጅ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። ላምባ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ሰው ዋጋው ከውሃ እንደሚያንስ፣ ማለትም ለአንዱ ሊትር አንድ ኪሎ እንደማይሞላ ያውቃል። 1.77 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሊትር ነዳጅ ቢኖር ኖሮ ውሃ ውስጥ ጠጠር ሆኖ ይሰጥም ነበር።

ይህን ሁሉ ሳወራላት ሻይዋ ቀዘቀዘ። "1.77 ምን? ብሎ የጠየቀ አልነበረም?" አለች።

ወደ ደብተሩ ተመለስን። አምስተኛው ጥያቄ የብረትን እፍግታ፣ ለአንዱ ሴንቲ ሜትር ኩብ 7.9 ግራም የሆነውን፣ ወደ ኪሎ ግራምና ሜትር ኩብ ለውጡ ይላል። መልሷ 0.79 ነበር። ግራሙን ወደ ኪሎ በትክክል ለውጣ 0.0079 አድርሳዋለች፤ ከዚያ አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው ብላ በ100 አባዛችው። ይህን ስህተት በየዓመቱ ስለማየው እንደ ዘመድ ለምጄዋለሁ።

"አንድ ሜትር ኩብ ብረት አንድ ኪሎ አይሞላም እያልሽኝ ነው" አልኳት። አየር እንኳ ለአንዱ ሜትር ኩብ 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በእሷ ሒሳብ ብረት እንደ ፊኛ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፤ የቤታችን ቆርቆሮ ሚስማር ሳይሆን ገመድ ነበር የሚያስፈልገው። እንዳይበር።

በመስኮቱ የሚታየውን ሮቶ አሳየኋት። አንድ ሺህ ሊትር ይይዛል፤ ያ ማለት ልክ አንድ ሜትር ኩብ ነው። ውሃ ሲጠፋ በሃያ ሊትር ጄሪካን እየተመላለሰች የሞላችው እሷ ናት፤ ሃምሳ ጄሪካን መሆኑን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። አንዱ ሊትር ሺህ ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ሺህ ጊዜ ሺህ፣ አንድ ሚሊዮን። በሌላ መንገድ ቢሄዱም ያው ነው፤ ቁመቱ 100፣ ወርዱ 100፣ ከፍታው 100፤ ሦስቱም መባዛት አለባቸው፣ እሷ ግን አንዱን ብቻ ነው የወሰደችው። 0.0079 በሚሊዮን ሲባዛ 7,900 ኪሎ ይሆናል። ውሃ የሞላው ሮቶ አንድ ቶን ከሆነ፣ ብረት የሞላው ስምንት ቶን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ይህ ለጆሮም አይከብድም።

ስድስተኛው ጥያቄ ቤት ካለ ዕቃ የአንዱን እፍግታ ለክታችሁ አምጡ የሚል ነበር። ረቡዕ ማታ የአያቷን ጠገራ ብር በመሐረብ ጠቅልላ መጣች። አያቷም ከኋላ ተከትለዋል፤ ብሩን ለብቻው መላክ አልሆነላቸውም።

ጠገራው ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ምስሏ የተቀረጸበት የኦስትሪያ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። አዲሱ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ለአንዱ ሚሊ ሊትር ብር 10.5፣ መዳብ 9.0 ግራም ገደማ ስለሆኑ ቅይጡ 10.2 አካባቢ መውጣት አለበት። አርኪሜዲስ ገላውን ሲታጠብ ስለጮኸው ጩኸት ሁሉም ሰው ሰምቷልና አልደግመውም፤ ይልቅ እኛ የገጠመንን ልንገራችሁ። ጠገራ ብር ወርዱ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመለኪያ ሲሊንደር አፍ አይገባም። ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ውሃው ከፍ የሚለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ያንን በማስመሪያ የሚያነብ ዓይን እኔ የለኝም።

ስለዚህ ብርጭቆውን ከነውሃው የቅመም መመዘኛዋ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀመጥንና ንባቡን ዜሮ አደረግነው። ጠገራውን በክር አንጠልጥላ፣ የብርጭቆውን ወለል ሳይነካ ውሃው ውስጥ አጠለቀችው። ሚዛኑ 2.7 ግራም አሳየ። ውሃው ጠገራውን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ጠገራው ውሃውን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ሚዛኑ የሚያነበው ቦታውን የለቀቀውን ውሃ ክብደት ነው። የውሃ ዋጋ ደግሞ ለአንዱ ሚሊ ሊትር 1 ግራም ነው፤ 2.7 ግራም ማለት 2.7 ሚሊ ሊትር። ጠገራው በአየር ላይ ሲመዘን 27.8 ግራም ሆነ፤ ከአንገት አንገት ሲዞር ጥቂት ተበልቷል።

አካፈለችና ካልኩሌተሩ የሰጣትን ሁሉ ጻፈች፤ 10.296296። ሚዛኑ 2.7 ሲል ከ2.65 እስከ 2.75 ያለውን ሁሉ ሊሆን እንደሚችል ነገርኳት። በሁለቱም ጫፍ አካፍላ ከ10.1 እስከ 10.5 አገኘች፤ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ስድስት ቁጥሮች አንድ በአንድ ሰረዘች። ለአንዱ ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ። እርሳስ ቢሆን 11.3፣ ነሐስ ቢሆን 8.5 አካባቢ ይወጣ ነበር።

"አያቴ፣ እውነተኛ ነው!" አለች።

አያቷ ሲጠብቁ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉ። "ስሙ ብር አይደለም እንዴ? ለዚህ ነው እንዲህ ውሃ ውስጥ የምትነክሩት?" አሉ። "በይ አድርቀሽ አምጪ።"